ባለቤቱን የሚገራው ሰንጢ

ሰንጢ ማለት ስለቱ በእጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባ፣ አፎት የማያስፈልገው፣ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ቢላዋ ሲሆን፣ ከሌሎች ስለታም ዕቃዎች የሚለየው ሥራ ሲፈታ ራሱን በራሱ መሸሸግ መቻሉ ነው። ካራ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ የወጥ ቤት ቢላዋ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል፣ ጎራዴ ከነሰገባው ወገብ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሰንጢ ግን ከመሐረብ፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ተጎራብቶ በሱሪ ኪስ ውስጥ ስለሚኖር፣ ከእሱ ይበልጥ ለባለቤቱ ገላ የሚቀርብ የብረት መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። በአዲስ አበባ ስሙ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከፖሊስ ዜና ጋር በመሆኑ፣ በሰው መካከል ሰንጢ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው በአጠገቡ ያሉት ወንበሮች ባዶ ሆነው ሊያገኛቸው ይችላል። ከኢጣሊያ ጋር በሚዋሰኑት የፈረንሳይ ተራሮች፣ በሳቮዋ፣ ያው ሰው ያንኑ ቢያደርግ ግን ዳቦና አይብ ያቀርቡለታል።

የዚህ ወግ ባለጉዳይ የሳቮዋው ባለ እንጨት እጀታ ሰንጢ፣ ኦፒኔል ነው። የሚሸጠው ለተራራ ወጪ፣ ለአዳኝ፣ ለዓሣ አጥማጅና ድንኳን ተክሎ ለሚያድር መንገደኛ ነው ተብሎ ሲሆን፣ በሱቅ መስታወት ውስጥም ከገመድ፣ ከኮምፓስና ከወፍራም ጫማ ጋር ተደርድሮ ይታያል፤ ሆኖም አብዛኛው ዕድሜው የሚያልፈው ብርቱካን በመላጥ፣ ቋሊማ በመቆራረጥ፣ በፖስታ የመጣ ካርቶን በመክፈትና እርሳስ በመቅረጽ ነው። ገዢው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅም አይቆጨውም፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ዱር ውስጥ ብቻውን ቢቀር ዱላ እንደሚጠርብና ጭራሮ ሰነጣጥቆ እሳት እንደሚያነድ እያሰቡ በከተማ አውቶቡስ መሄድ በራሱ ደስታ ነው። ያልጠበቀው ነገር የሚመጣው ኋላ ነው፤ ከአምስት ክፍሎች ብቻ የተገጣጠመው ይህ ተራ ዕቃ ቀስ በቀስ ባለቤቱን እንደ ወይፈን ይገራዋል።

ዕቃውን የፈጠረው ዦዜፍ ኦፒኔል በ1872 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሞሪዬን ሸለቆ፣ አልቢዬ ለ ቪዬ በተባለው መንደር አካባቢ ከመሣሪያ ሠሪዎች ቤተሰብ ተወለደ። አያቱ ቪክቶር አሜዴ ሸቀጥ ተሸክሞ ከመንደር መንደር ሲዞር ከኖረ በኋላ ምስማር ወደ መቀጥቀጥ የተመለሰ ሰው ነበር፤ አባቱ ዳንኤል ደግሞ መጥረቢያ፣ የወይን ቅርንጫፍ መመልመያና ገበሬው የሚገለገልባቸውን የመሳሰሉ ስለታም መሣሪያዎች የሚሠራ፣ በአካባቢው ስም ያለው ባለ ምድጃ ነበር። በኢትዮጵያ የዳንኤል ብጤ የሆነው ቀጥቃጭ፣ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ እስኪከለክሉ ድረስና ከዚያም በኋላ፣ ማረሻው ተወስዶለት እሱ ራሱ ከደጅ የሚቀር ሰው እንደነበረ ሲታሰብ፣ የሳቮዋው ቀጥቃጭ ልጅ ስም በፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ እስከ መግባት መድረሱ የሚያስቀና ነገር ነው። ዦዜፍ ግን የአባቱን መዶሻ ብቻ ይዞ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ለአዲስ ማሽን ሁሉ ልቡ የሚሸፍትና ፎቶግራፍ ማንሻ በገዛ እጁ እስከ መሥራት የደረሰ ወጣት ስለነበረ፣ በ1890 ገና በ18 ዓመቱ ለኪስ የሚሆን ሰንጢ አበጅቶ ለወዳጆቹ ማደል ጀመረ፤ ወዳጆቹም ለሌሎች ወዳጆቻቸው ስላሳዩት ሥራው ከስጦታነት ወደ ንግድ ለመዞር ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ሸለቆው ከፈረንሳይ ወደ ኢጣሊያ የሚያልፈው የባቡር መንገድ የሚያቋርጠው በመሆኑ፣ ሰንጢው በሠራተኞችና በዞሪ ነጋዴዎች ኪስ ተሳፍሮ ከተራራው ለመውጣት አልተቸገረም።

በ1897 ዦዜፍ ሰንጢውን ከ1 እስከ 12 በቁጥር በተለዩ መጠኖች ማውጣት ጀመረ። እነዚህ ቁጥሮች ለጀማሪ ገዢ ትንሽ ፈተና ናቸው፤ የ9 ቁጥር ስለት 9 ሳንቲ ሜትር፣ የ10 ቁጥር 10፣ የ12 ቁጥርም 12 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አይቶ ሥርዓቱን የተረዳ የመሰለው ሰው፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚወደደውን 8 ቁጥር ሲለካ 8.5፣ 7 ቁጥርን ሲለካ 8፣ ትንሹን 2 ቁጥር ሲለካ ደግሞ 3.5 ሳንቲ ሜትር ያገኝና፣ የጫማ ቁጥር ለመቀበል የተጠቀመበትን ትዕግሥት ለሰንጢም ማዋል እንዳለበት ይረዳል። ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ በ1935 ከገበያ ወጥተዋል። 1 ቁጥር ከሰዓት ሰንሰለት ጋር የሚንጠለጠል፣ ለፒፓ መጥረጊያ ከመሆን ብዙም የማያልፍ ደቃቃ ነገር ስለነበረ ማንም አላዘነለትም፤ 11 ቁጥር ግን የተባረረው በ10 እና በ12 መካከል መወለዱ ብቻ ጥፋት ሆኖበት ነው፤ በብዙ ልጆች ቤት መካከለኛ ሆኖ ያደገ ሰው ዕጣውን ሳይገባው አይቀርም።

በስለቱ ጎን ላይ ዘውድ የደፋች፣ ሁለት ጣቶቿን ለቡራኬ የዘረጋች እጅ ተቀርጻ ትታያለች። ቢላዋ ሠሪዎች በሥራቸው ላይ የየራሳቸውን ምልክት እንዲያሳርፉ የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ ዘጠነኛ በ1565 ያዘዙ ሲሆን፣ ዦዜፍም ይህን ልማድ ተከትሎ በ1909 የራሱን ምልክት አስመዘገበ። ዘውዱ የሳቮዋ መሳፍንት ዘውድ ነው፤ ሳቮዋ ወደ ፈረንሳይ የተጠቃለለችው በ1860 በመሆኑ፣ ምልክቱ በወጣበት ጊዜ የቀድሞውን ግዛት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ። እጇ ደግሞ የመጥምቁ ዮሐንስ እጅ ናት፤ በሞሪዬን ሸለቆ የምትገኘው ሴንት ዣን ደ ሞሪዬን፣ ማለትም የቅዱስ ዮሐንስ ከተማ፣ ቴክላ የተባለች ሴት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የመጥምቁን ጣቶች ከምሥራቅ እንዳመጣችላት በትውፊት ስታምን የኖረች ናት። ዓመቱን በቅዱስ ዮሐንስ ለሚቀበል ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ላይሆን ይችላል፤ አንገቱን በሰይፍ የተቆረጠ ቅዱስ የቢላዋ ፋብሪካ ጠባቂ ሆኖ መመረጡን ግን ማንም ሳያስተውለው ያለፈ ይመስላል።

ወደ አሠራሩ ሲመጣ፣ የመጀመሪያው ኦፒኔል አራት ክፍሎች ብቻ ነበሩት፤ ስለት፣ የእንጨት እጀታ፣ ስለቱ የሚዞርባት ትንሽ የብረት ችንካር፣ እና እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ አንገቱን የሚያጠብቅ የማይንቀሳቀስ የብረት ቀለበት። ሞላ የለውም፤ ስለቱ ተከፍቶ የሚቆየው እንጨቱ ግራና ቀኝ ስለሚያጨናንቀው ብቻ ነው። ይህም ማለት ባለቤቱ የስለቱን ጫፍ እንጨት ላይ ተክሎ በኃይል ቢጫነው፣ ስለቱ ለመታጠፍ የሚመርጠው አቅጣጫ የባለቤቱ ጣቶች ያሉበትን ነው ማለት ነው። ከ1890 እስከ 1955 ድረስ፣ 65 ዓመት ሙሉ፣ የሳቮዋ ገበሬ ይህን አውቆ ኖረ፤ ስለቱን ለመብሳት አይጠቀምበትም፣ ወደ ኋላ አይገፋውም፣ ልጁንም ከማበደሩ በፊት ጣቱን የት እንደሚያሳርፍ ያሳየዋል። በ1955 የዦዜፍ ልጅ ማርሴል፣ ቪሮብሎክ የተባለውን፣ ከቋሚው ቀለበት በላይ የሚገጠምና በጎኑ ክፍተት ያለው ሁለተኛ ቀለበት ፈጠረ፤ ክፍተቱ ከስለቱ ጋር ሲገጥም ሰንጢው ይከፈታል፣ ቀለበቱ በአውራ ጣት ገፋ ተደርጎ ሲዞር ደግሞ የስለቱን መመለሻ ይዘጋል። ዦዜፍ ያረፈው በ1960 ስለሆነ የልጁን ቀለበት ለማየት በቅቷል። ቀለበቱ ስለቱን በታጠፈበትም እንዲቆልፈው ሆኖ የተሻሻለው ግን በ2000 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰንጢው ኪስ ውስጥ በራሱ ፈቃድ እንዳይከፈት ዋስ የነበረው የእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ነበር።

እንጨቱም ለዋስትና የሚበቃ ጠባይ አለው ለማለት ያስቸግራል። የተለመደው እጀታ የሚሠራው ቢች ከተባለው የአውሮፓ ዛፍ ሲሆን፣ ይህ እንጨት ጠንካራ፣ ጭረቱ ደቃቅና ለማሽን የሚመች ቢሆንም፣ ውሃ ሲያገኝ ጠጥቶ ያብጣል። ያበጠ እንጨት ስለቱን እንደ ክፉ አበዳሪ አንቆ ስለሚይዘው፣ ዝናብ ውስጥ የዋለ ወይም ወጥ ቤት ባልዲ ውስጥ የወደቀ ኦፒኔል በጥፍር አይከፈትም፤ ስለቱ ላይ ለጥፍር ተብሎ የተበጀው ጎድጓዳ ጭረት በዚያን ሰዓት የሚያገለግለው ጥፍር ለመስበር ብቻ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከፋብሪካ ሳይሆን ከገበሬ የመጣው የሳቮያዊው ምት የተባለ ዘዴ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ቀለበቱን ወደ መክፈቻው ያዞራል፣ የታጠፈውን ሰንጢ አንገቱ አካባቢ ላላ አድርጎ ይይዛል፣ ከዚያም የእጀታውን ተረከዝ በጠረጴዛ ጠርዝ ወይም በድንጋይ ላይ ቆጣ ብሎ ይመታል፤ ስለቱም ከተደበቀበት ስንጥቅ ጫፉን ብቅ ያደርግና በሁለት ጣት ይያዛል። ለባለሙያ ሁለት ምት ይበቃዋል። ቀለበቱን ማዞር የረሳ አዲስ ባለቤት ግን የቆለፈውን በር የሚያንኳኳ የቤት ጌታ ሆኖ፣ የተሰበሰበው ሰው እያየው ጠረጴዛውን ሲደልቅ ይቆያል።

ከዚህ ውርደት የሚሸሽ ሰው ወደ እንክብካቤ ይገባል፤ መገራቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የተልባ ዘይት የት እንደሚሸጥ ይጠይቃል፣ በሁለተኛው ሻማ አቅልጦ ማጠፊያው ውስጥ ያንጠባጥባል፣ በሦስተኛው እጀታውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ወፍ እንደሚጠብቅ ገበሬ ከአጠገቡ ይቀመጣል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨምረው ያጠቡለትን የቤተሰብ አባል ይቅር ለማለት ጊዜ የሚፈጅበት ባለ ሰንጢ ጥቂት አይደለም። የራሱን ጫማ ቀለም ሳይቀባ ወር የሚቆይ ሰው ከአንድ ጣት የማይረዝም እንጨት ዘይት እያጠጣ ሲያሻሽ ማየት፣ ዕቃና ባለቤት ማን ለማን እንደሚሠራ ያጠራጥራል።

የስለቱ ነገር ከእንጨቱም ይብሳል። ኦፒኔል በሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል፤ አንደኛው የካርቦን ብረት ሲሆን፣ ከመቶው 0.9 ያህሉ ካርቦን በመሆኑ በቀላሉ የሚሳልና ስለቱ የሚጠነክር፣ ነገር ግን እርጥበት የማይወድ ነው፤ ሁለተኛው ከስዊድን የሚመጣው፣ ከመቶ 13 በላይ ክሮሚየም የተቀላቀለበት የማይዝግ ብረት ነው። አስተዋይ ሰው የማይዝገውን ይገዛል፤ እውነተኛ ባለ ሰንጢ ነኝ የሚለው ግን የሚዝገውን ይመርጥና ዕድሜ ልኩን ሲጠርገው ይኖራል። የካርቦን ስለት ሎሚ ወይም ሽንኩርት ከቆረጠ በኋላ ሳይጠረግ ለምሳ ሰዓት ያህል ቢቀመጥ መልኩ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም እንደ ዝናብ ደመና የጠቆረ ግራጫ ይሆናል። ይህ ጥቁረት ዝገት አይደለም። ዝገት ቀይ ሆኖ ብረቱን የሚበላ ሲሆን፣ ግራጫው ግን ስለቱን ሸፍኖ ከቀዩ ዝገት በመጠኑ የሚከላከል ስስ ልባስ ነው፤ እንግዳ ሰው ቆሽሿል ብሎ በአሸዋ ሲፈትገው ባለቤቱ የሚጮኸውም ስለዚህ ነው። እንዲያውም ልባሱን በተፈጥሮ እስኪመጣ መጠበቅ ያቃታቸው አዳዲስ ባለቤቶች ስለቱን ድንች ውስጥ ሰክተው ወይም ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፈው ያሳድሩታል፤ ጠዋትም ከአባታቸው የወረሱት የሚመስል፣ ትናንት የተገዛ ሰንጢ ይዘው ይወጣሉ።

ኦፒኔል ሙሉ ክብሩን የሚያገኘው ዱር ውስጥ ሳይሆን ማዕድ ላይ ነው። በቀድሞው የፈረንሳይ ገጠር ለእያንዳንዱ ተመጋቢ ቢላዋ ማቅረብ የቤቱ ባለቤት ግዴታ አልነበረም፤ ወንዱ ሁሉ የራሱን ሰንጢ ከኪሱ ያወጣ ነበር። ዳቦውን በግራ መዳፉ ይይዛል፣ አይቡን ከዳቦው ላይ በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ስለቱን ወደ አውራ ጣቱ እየሳበ ስስ ቁራጭ ይቆርጥና በስለቱ ጎን ተሸክሞ አፉ ያደርሰዋል፤ ሲጨርስም ስለቱን በመጨረሻዋ የዳቦ ቁራሽ ጠርጎ ቁራሿን ይበላታል፤ በዚህም ማዕዱም እጥበቱም በአንድ ጉርሻ ያልቃል። ወደ አውራ ጣት መቁረጥ የሚያስደነግጠው ተመልካች ካለ ኢትዮጵያዊ ሊሆን አይገባውም። ቁርጥ ቤት ገብቶ የጥሬ ሥጋውን አንድ ጫፍ በጥርሱ፣ ሌላውን በግራ እጁ ወጥሮ፣ የተሳለ ቢላዋ ከከንፈሩ ሥር ወደ አፍንጫው አቅጣጫ የሚሰነዝር ሕዝብ ስለ አውራ ጣት ሌላውን ሊመክር አይችልም። ልዩነቱ የቁርጥ ቤቱ ቢላዋ የቤቱ ንብረት ሆኖ ሲቀር፣ የሳቮያዊው ግን ከጌታው ጋር ወደ ቤት መመለሱ ነው።

ከዚሁ ልማድ ጋር አንድ ጨካኝ ሥርዓት ተያይዞ ነበር። በብዙ የፈረንሳይ ገጠሮች የቤቱ አባወራ ሰንጢውን አጥፎ ወደ ኪሱ ሲከት ምግቡ አበቃ ማለት በመሆኑ፣ ልጁም፣ የቀን ሠራተኛውም፣ እንግዳውም አብረው ያጥፉ ነበር። ንግግር አያስፈልግም፣ ምስጋናም አይቀድመውም። ጥርስ የሌለው ሽማግሌና ወሬ የሚወድ ጎረምሳ በዚህ ሥርዓት እኩል እየተራቡ እንደተነሱ ይገመታል፤ ብልህ ሠራተኛ ደግሞ ዓይኑን ከሳህኑ ይልቅ ከአባወራው ቀኝ እጅ ላይ አይነቅልም ነበር። እንግዲህ «በሞቴ አንዴ ጉረስልኝ» እያለ እንግዳውን ከጠገበ በኋላም የሚያስጨንቅ የሀበሻ አስተናጋጅ ከዚህ አባወራ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ቢገናኝ፣ ሰንጢው ታጥፎ ጉርሻው በአየር ላይ ሲቀር ማየት ነበር።

ይህ ሁሉ የገበሬ ታሪክ ያለው ዕቃ ኋላ ከተሜዎች እጅ ገብቶ ከበረ። ፒካሶ በኦፒኔል እንጨት ይቀርጽ እንደነበር ይተረካል፤ በ1989 ስሙ ላሩስ በተባለው የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት እንደ ተራ ስም ገባ፤ በሴንት ዣን ደ ሞሪዬንም ሙዚየም ቆመለት። ገበሬው ስለቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ የሚያልፈውን ከተሜው መስታወት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ወዳጁም በስጦታ ሲሰጠው፣ ስለት ወዳጅነትን ይቆርጣል የሚለውን የፈረንሳዮች አጉል እምነት ለማርከስ አንዲት ሳንቲም መልሶ ይሰጠዋል፤ በዚህም ስጦታው ግዢ ይሆናል፣ ሻጩም ገዢውም ኪሳራውን ሳያስቡት ይሳሳቃሉ።

በዘመናችን ግን ለባለ ሰንጢው ከሳንቲሙ ይበልጥ የሚያሳስበው የሀገሩ ሕግ ነው። በጀርመን በ2008 የወጣ ድንጋጌ በአንድ እጅ የሚከፈቱና ሲከፈቱ የሚቆለፉ ሰንጢዎችን ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስን ስለከለከለ፣ ለመክፈት ጥፍር፣ ሁለት እጅና አንዳንዴም የጠረጴዛ ጠርዝ የሚጠይቀው ኦፒኔል ከዚህ ክልከላ ውጭ ሆኖ ጉድለቱ ጸድቆለታል። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ1988 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ ያለ ምክንያት በአደባባይ እንዲያዝ የሚፈቅደው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳንቲ ሜትር፣ የማይበልጥ ታጣፊ ሰንጢ ብቻ ሲሆን፣ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ሲከፈት የሚቆለፍን ሰንጢ ከታጣፊ አይቆጥሩትም። እንግዲህ ማርሴል ኦፒኔል የሰው ጣት እንዳይቆረጥ ብሎ የገጠመው ቀለበት ለንደን ሲደርስ የወንጀል ማስረጃ ይሆናል፤ ጣት የሚቆርጠው ያልተቆለፈው ሰንጢ ግን በሰላም ያልፋል።

ሕጉ ምክንያት ላለው ሰው በር አልዘጋም፤ ሥራን፣ ሃይማኖትንና ብሔራዊ አለባበስን በስም ጠቅሶ ይቀበላል፣ የቀረውንም ምክንያት አሳማኝነት ለፍርድ ቤት ይተዋል። ለንደን የሚኖር የአፋር ተወላጅ በባህል ልብሱ ላይ ጊሌውን፣ ያንን በሁለት በኩል የተሳለ ቆልማማ ጩቤ፣ ታጥቆ ቢገኝ ሦስተኛውን ምክንያት ለመጥቀስ መሞከር ይችል ይሆናል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ መናፈሻ ውስጥ ብርቱካን ሊልጥ 8 ቁጥር ኦፒኔል ያወጣ ጎረቤቱ ግን ብርቱካኑ ሥራው፣ ሃይማኖቱ ወይም አለባበሱ መሆኑን ማስረዳት ይከብደዋል። ለእሱ የሚሆነው 5 ቁጥር ነው። ከ2 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች በትንሽነታቸው የተነሳ የማርሴል ቀለበት ያልተገጠመላቸው ሲሆኑ፣ የ5 ቁጥር ስለትም 6 ሳንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ ፖሊስ ቢለካውም አይከሰስበትም፤ አውራ ጣቱን ግን የ1890 ሳቮያዊ እንዳደረገው ራሱ ይጠብቃል።